ፍሪ ጃዝ በሸክላ፦ ከአራቱ ህትመቶች የትኛውን መግዛት ይሻላል?

አንድ የፍሪ ጃዝ (አስቀድሞ ከተወሰነ ዜማና ምት ተላቆ በቅጽበት የሚፈጠር ጃዝ) አልበም በሸክላ ለመግዛት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓይነት ህትመት ይጠብቀዋል፦ አልበሙ በወጣበት ዓመት የታተመው፣ ያው አሳታሚ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ያተመው፣ ባለመብቱ በቅርቡ አድሶ ያወጣው፣ እና ከየት እንደተቀዳ የማይናገረው ርካሹ። የአራቱም ሽፋን ሲያዩት አንድ ነው። ዋጋቸው ግን በብዙ እጥፍ ይራራቃል፤ ድምፃቸውም እንዲሁ። ነገሩን የሚያወሳስበው ውዱ ሁልጊዜ የተሻለ፣ ርካሹም ሁልጊዜ የባሰ አለመሆኑ ነው።

እዚህ የምናነሳው በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተቀረጹ አልበሞችን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

ስለ ሌላ ሙዚቃ የተጻፈ የሸክላ መግዣ ምክር ለፍሪ ጃዝ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ምክንያቱ የሚጀምረው ከሸክላው ገጽ መጨረሻ ነው።

ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር፣ ጠርዙ ላይ በመርፌው ሥር በየሰከንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ቦይ (ድምፁ የተቀረጸበት፣ መርፌው የሚሄድበት ቀጭን መስመር) ያልፋል። መርፌው መሃል ካለው ሌብል አጠገብ ሲደርስ ግን የሚያልፈው ከ20 ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። በሌላ አነጋገር፣ መጀመሪያ ላይ ሰፊ ቦታ የነበረው የሳክስፎን ጩኸት መጨረሻ ላይ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ውስጥ ይታጨቃል። መርፌው እነዚያን ጥቃቅን ሞገዶች መከተል ሲያቅተው ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፤ ሲምባሉም ወደ «ሽሽሽ» ይለወጣል። በዘፈን አልበም ላይ የገጹን መጨረሻ ለስለስ ላለ ዜማ መተው የተለመደ ስለሆነ ጉድለቱ ብዙም አይጋለጥም። በፍሪ ጃዝ ግን ሙዚቃው ጣሪያ የሚነካው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ የገጹ ርዝመትና የመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ደቂቃዎች ጥራት ነው።

ሁለት አልበሞችን ጎን ለጎን እንያቸው። የአልበርት አይለር «ስፒሪችዋል ዩኒቲ» በጁላይ 1964 የተቀረጸ የሦስት ሰዎች ሥራ ነው፤ በድምሩ 29 ደቂቃ ያህል ስለሆነ እያንዳንዱ ገጽ 15 ደቂቃ አይሞላም ወይም በጥቂቱ ያልፋል። ቦዩን የሚቆርጠው ባለሙያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መሃሉን ሳይነካ መጨረስ ይችላል። የጆን ኮልትሬን «አሴንሽን» በጁን 1965 የተቀረጸው በአሥራ አንድ ሰዎች ሲሆን፣ 40 ደቂቃ የሚጠጋው አንድ ወጥ ሥራ ለሁለት ገጽ ተከፍሏል። ገጹ 20 ደቂቃ አካባቢ ሲደርስ ቆራጩ ወይ የድምፁን መጠን ይቀንሳል፣ ወይ ባሱን ያሳሳል፣ ወይ ወደ ሌብሉ ይጠጋል። ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ስለዚህ «አሴንሽን» ላይ በህትመትና በህትመት መካከል ያለው ልዩነት «ስፒሪችዋል ዩኒቲ» ላይ ካለው በጣም ይሰፋል፤ ገንዘብም ማውጣት የሚገባው ልዩነቱ በሚሰማበት ላይ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ቦዩ ከምን ላይ ተቆረጠ የሚለው ነው፦ ከዋናው ቴፕ፣ ከቴፑ ቅጂ፣ ከጥሩ ዲጂታል ፋይል ወይስ ከገበያ ከተገዛ ሲዲ? ከጥሩ ዲጂታል ፋይል የተቆረጠ ሸክላ ከተጎዳ ቴፕ ከተቆረጠው በልጦ ሊገኝ ይችላል። መሸሽ ያለበት ምንጩን የሚደብቀው ነው።

ሦስተኛው ጫጫታ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሻጮች የሚጽፉት የደረጃ ስም ብቻውን አይበቃም። «ቬሪ ጉድ» የተባለ ሸክላ ስሙ እንደሚለው በጣም ጥሩ አይደለም፤ እየተንጣጣ የሚጫወት ማለት ነው። የፒተር ብሮትስማን «ማሽን ጋን» ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ስምንት ሰዎች ሙሉ ጉልበታቸውን ሲያወጡ ንጣጣቱ ይዋጣል። የአንቶኒ ብራክስተን «ፎር አልቶ» ላይ ግን ከአንድ አልቶ ሳክስፎን በቀር ምንም የለም፤ በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል ያለው ዝምታ የሙዚቃው አካል ነው። የሮስኮ ሚቸል «ሳውንድ»ም እንደዚያው በትናንሽ መሣሪያዎችና በዝምታ የተሞላ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ ከ«ቬሪ ጉድ ፕላስ» (ከ«ቬሪ ጉድ» አንድ ደረጃ ከፍ ያለው) በታች መግዛት አንመክርም፤ «ኒር ሚንት» (እንደ አዲስ ሊቆጠር የሚችለው) ከተገኘ ለልዩነቱ መክፈል ተገቢ ነው።

አራተኛው፣ ሞኖ (ሁሉም ድምፅ በአንድ መስመር) ወይስ ስቴሪዮ (በግራና በቀኝ ተለይቶ)። መልሱ እንደ አልበሙ ነው። የኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» በዲሴምበር 1960 ሲቀረጽ ሁለት ኳርቴቶች (አራት አራት ሰው ያላቸው ቡድኖች) በአንድ ጊዜ ነበር የተጫወቱት። ኮልማን፣ ዶን ቼሪ፣ ስኮት ላፋሮና ቢሊ ሂጊንስ በግራ፤ ኤሪክ ዶልፊ፣ ፍሬዲ ሀባርድ፣ ቻርሊ ሄደንና ኤድ ብላክዌል በቀኝ ይሰማሉ። የሞኖውን ህትመት የገዛ ሰው ሁለቱን ከበሮዎችና ሁለቱን ባሶች መለየት ይቸግረዋል፤ የአልበሙ ሐሳብ ራሱ ይጠፋበታል። «ስፒሪችዋል ዩኒቲ» ደግሞ ሲቀረጽም በሞኖ ስለሆነ ሞኖው ትክክለኛው ነው። በየትኛውም አልበም ላይ «በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ስቴሪዮ የተደረገ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ይለፉት፤ ሞኖውን ቅጂ በፊልተር ለሁለት ከፍለው አደብዝዘውታል።

አምስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው የሥራው አለመቆረጥ ነው። በደቂቃ 45 ዙር የሚጫወት ባለ 12 ኢንች ሸክላ ድምፁ የጠራ እንደሚሆን እውነት ነው፤ ቦዩ በፍጥነት ስለሚያልፍ የገጹ መጨረሻ ችግር ይቀልላል። ነገር ግን አንድ ገጽ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። የ20 ደቂቃን አንድ ወጥ ሥራ መሃል ላይ ቆርጦ ሸክላ መገልበጥ ለፍሪ ጃዝ ትልቅ ኪሳራ ነው። አጫጭር ሥራዎች ላለው አልበም 45 ዙር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለረጅም ሥራ ግን አይሆንም።

የመጀመሪያው ህትመት

ጥንካሬው ቴፑ ገና ትኩስ ሳለ፣ ብዙ ጊዜም ቀረጻውን በሠራው ሰው እጅ መቆረጡ ነው። የድምፅ ቀረጻ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር የቀረጻቸውን ብዙ አልበሞች ራሱ ይቆርጥ ነበር። ድምፁ ፊት ለፊት የሚመጣ፣ ነሐሱ የሚነዝር ነው።

ድክመቱ ባለፉት ስልሳ ዓመታት በማን እጅ እንደነበረ አለመታወቁ ነው። በጊዜው የነበሩ ርካሽ ማጫወቻዎች ክንዳቸው ከባድ፣ መርፌያቸው የተበላ ነበር። እንዲህ ያለ ማጫወቻ ቦዩን ሲልገው ጉዳቱ በዓይን ላይታይ ይችላል። ሸክላው እያብረቀረቀ፣ ሳክስፎኑ ከፍ ሲል ግን ይቀደዳል። ይህን የትኛውም እጥበት አይመልሰውም።

የመጀመሪያ ህትመት መሆኑን የሚናገረው ሽፋኑ አይደለም። በመጨረሻው ሙዚቃና በሌብሉ መካከል ያለውን ባዶ ቀለበት በጎን ብርሃን ያንብቡ። የጃዝ አሳታሚው ብሉ ኖት በ1966 ሊበርቲ ለተባለ ኩባንያ እስኪሸጥ ድረስ ሸክላዎቹን ያትም የነበረው ፋብሪካ ቀለበቱ ላይ ጆሮ የሚመስል ትንሽ ምልክት ይተው ነበር። በ1964 የተቀረጸው የኤሪክ ዶልፊ «አውት ቱ ላንች» ላይ ጆሮውና ቫን ጌልደር እንደቆረጠው የሚያሳየው ማህተም አብረው ካሉ ህትመቱ ከሽያጩ በፊት የነበረው ነው። ጆሮው ከሌለ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል፣ የመጀመሪያ ህትመት ዋጋ አይክፈሉ።

«መጀመሪያ» የሚለው ነገር የማይሠራባቸውም አሉ። «አሴንሽን» መጀመሪያ ሲታተም የያዘው በዕለቱ ከተጫወቷቸው ሁለት ሙሉ አጨዋወቶች አንዱን ነበር፤ ኮልትሬን የሚመርጠው ሌላኛው ሆኖ ስለተገኘ ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ምንም ማስታወቂያ ተተካ። ሽፋኑ አልተለወጠም። ለውጡን የሚናገረው ባዶው ቀለበት ላይ የተቀረጸው «ኤዲሽን» የሚል ቃልና የሮማ ቁጥር ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ በጣም ቀደም ያለውን የሚገዛ ሰው ኮልትሬን የተወውን፣ ቀጥሎ ያለውን የሚገዛ ደግሞ ኮልትሬን የመረጠውን ይይዛል። ሁለቱም መስማት የሚገባቸው ናቸው፤ ግን የትኛውን እየገዙ እንደሆነ ይወቁ። የባንድ መሪው ሰን ራ በራሱ አሳታሚ በሳተርን ያወጣቸው ሸክላዎች ደግሞ በትንሽ በትንሹ ይታተሙ፣ ሽፋናቸው በእጅ ይሳል፣ አንዳንዴም የአንዱ አልበም ገጽ ከሌላው ጋር ተጣምሮ ይሸጥ ነበር። እዚያ ላይ በሌብሉ ከመተማመን አጫውቶ ማረጋገጥ ይሻላል። በ1968 ብሮትስማን ራሱ 300 ብቻ ያሳተመው የ«ማሽን ጋን» የመጀመሪያ ህትመት ዋጋው አይቀመስም፤ ለመስማት ሲባል ብቻ እሱን ማሳደድ አያስፈልግም።

ያው አሳታሚ ቆይቶ ያተመው

በእኛ ግምት ለአብዛኛው አድማጭ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው፤ ሰብሳቢዎች ስለሚንቁት ዋጋው አልተሰቀለም። ሊበርቲ ብሉ ኖትን ከገዛ በኋላ ባሳተማቸው ብዙ ሸክላዎች ላይ የቫን ጌልደር ማህተም አሁንም ይገኛል። ይህ ማለት ቦዩ የተቆረጠው በዚያው ሰው ነው፤ የተለወጠው የሌብሉ ጽሑፍና ማተሚያ ቤቱ ነው። የኮልትሬን አሳታሚ በነበረው በኢምፐልስም ብርቱካንማና ጥቁር የሆነው የመጀመሪያው ሌብል በሌላ ቀለም ከተተካ በኋላ በወጡት ላይ ማህተሙ ብዙ ጊዜ አለ። ማህተሙ ካለና ሸክላው ንጹህ ከሆነ ሳያመነቱ ይግዙ።

«ማሽን ጋን»ም በ1969 በርሊን ውስጥ በተመሠረተው ኤፍ ኤም ፒ በተባለ አሳታሚ በኩል ዳግም ታትሟል፤ ያን ህትመት ማግኘት ከ300ዎቹ አንዱን ከማግኘት እጅግ ይቀላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው የ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ህትመት ላይ ነው። ሸክላው ስስ፣ አንዳንዴም ከተፈጨ አሮጌ ሸክላ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የሚመጣው የማያቋርጥ ሹክሹክታ በእጥበት አይሄድም። ማህተም የሌለውና ሌላ ሰው ዳግም የቆረጠው ከሆነ ሳይሰሙ አይግዙ።

ባለመብቱ አድሶ ያወጣው

አዲስ ስለሆነ ቦዩ አልተበላም፤ በዝምታ ለተሞሉ አልበሞች ከዚህ የተሻለ አማራጭ ብዙ ጊዜ የለም። ጥሩው ህትመት ማን እንደቆረጠው፣ ከምን እንደቆረጠው፣ የት እንደታተመ በግልጽ ይጽፋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አንድ ነጥብ ይቀንሱለት።

«180 ግራም» የሚለው ተለጣፊ ስለ ድምፁ የሚናገረው ነገር የለም። ቦዩ በ140 ግራሙም በ180ውም ላይ ያው ነው፤ ከባዱ ሸክላም ይጎብጣል።

አዲስ ሸክላ ላይ በተደጋጋሚ የሚገጥሙ ሁለት ጉድለቶች አሉ። አንዱ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ከትክክለኛው ቦታ መሳቱ ነው። ክንዱ በእያንዳንዱ ዙር ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ይታያል፤ ረጅም የተያዘ የሳክስፎን ድምፅም ከፍ ዝቅ እያለ ይዋልላል። ሁለተኛው ሲታተም ፕላስቲኩ ቦዩን ሳይሞላው መቅረቱ ነው፤ ወረቀት ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ለጥቂት ዙሮች፣ ብዙ ጊዜም በአንደኛው ስፒከር ብቻ ይሰማል። ሁለቱም የማይጠገኑ ስለሆኑ መፍትሔያቸው መመለስ ብቻ ነው።

ርካሹና ምንጩን የማይናገረው

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እስከ 1962 መጨረሻ ድረስ ታትመው የወጡ ቀረጻዎች የቀረጻ ጥበቃቸው አብቅቷል። ጥበቃው በኋላ ወደ 70 ዓመት ቢራዘምም ያለቀው አልተመለሰም። ስለዚህ በ1961 የወጣውን «ፍሪ ጃዝ» ማንም ኩባንያ እዚያ አትሞ መሸጥ ይችላል፤ ለቀረጻው ባለቤት የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ የድርሰቱ መብት ግን አሁንም በጥበቃ ሥር ነው። ዋናው ቴፕ በእጁ ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ከሲዲ ነው። እንዲህ ያለውን ሸክላ ከመግዛት ሲዲውን ራሱን መግዛት ይሻላል፤ ሲዲው 37 ደቂቃውን ሳይቆርጥ ያሰማል።

ከ1963 ጀምሮ የወጣ አልበም ያለ ፈቃድ ከታተመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ስርቆት ነው። «ስፒሪችዋል ዩኒቲ»፣ «አሴንሽን»፣ «ማሽን ጋን» ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ብዙ የፍሪ ጃዝ ሙዚቀኞች በሕይወት ሳሉ ከሸክላ ያገኙት ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበር፤ አሁን ደግሞ በስማቸው ከሚነግድ ሌባ መግዛት አይገባም። ምልክቶቹ፦ የአሳታሚው አድራሻ አለመኖር፣ የደበዘዘ የሽፋን ፎቶ፣ ባዶው ቀለበት ላይ ከቁጥር በቀር ምንም አለመጻፉ።

| ዓይነት | ዋጋ | የቦዩ ምንጭ | ጫጫታ | የገጹ መጨረሻ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| የመጀመሪያ ህትመት | በጣም ከፍተኛ | ትኩስ ዋና ቴፕ | እንደ አያያዙ | ካልተበላ በጣም ጥሩ | የማይታይ የቦይ መበላት |
| ያው አሳታሚ ቆይቶ ያተመው | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ማህተም ካለ ያው የመጀመሪያው | መካከለኛ | ጥሩ | ስስ ሸክላ፣ የውሸት ስቴሪዮ |
| ባለመብቱ ያደሰው | መካከለኛ | ቴፕ ወይም ጥሩ ፋይል | ዝቅተኛ | ከቆራጩ ጋር ይለያያል | የሳተ ቀዳዳ፣ ያልሞላ ቦይ |
| ርካሹ | ዝቅተኛ | ብዙ ጊዜ ሲዲ | ዝቅተኛ | ደካማ | ምንጩ አይታወቅም፣ ክፍያ አይደርስም |

ለማን የትኛው?

ገና ለሚጀምርና በጀቱ ለጠበበ፦ በዝምታ የተሞሉትን አልበሞች ባለመብቱ ካደሰው፣ ድምፃቸው የበረታውን ደግሞ ቆይቶ ከታተመው ይግዛ። በአንድ የመጀመሪያ ህትመት ዋጋ ሙሉ መደርደሪያ መጀመር ይቻላል።

መካከለኛ በጀት ያለውና ድምፅ የሚያስቀድም ሰው ማህተም ያለበትን የኋላ ህትመት በ«ኒር ሚንት» ደረጃ ያሳድድ። ከዚያ በላይ የሚያወጣው ገንዘብ የሚገዛው ብርቅነትን ነው።

ዕቃውን እንደ ታሪክ ቅርስ ለሚሰበስብ የመጀመሪያው ህትመት ምትክ የለውም፤ ቢሆንም ለማስቀመጥ እሱን፣ ለመስማት አዲሱን ቢይዝ ሁለቱም ዕድሜ ያገኛሉ።

ሥራው ሳይቆረጥ መስማት ከምንም በላይ ለሚያሳስበው፣ «ፍሪ ጃዝ»ንና «አሴንሽን»ን በሲዲ ይያዝ። ይህን ማለት ሸክላን መካድ አይደለም።

መርፌው ከህትመቱ ይቀድማል

ውድ ሸክላ ገዝቶ በመናኛ መርፌ ማጫወት ገንዘብ መበተን ነው። ሾጣጣ ክብ ጫፍ ያለው መርፌ ርካሽ ነው፤ ጭረትን ይታገሳል፤ የገጹ መጨረሻ ላይ ግን ይሸነፋል። ሞላላው ጫፍ ጠባብ ጎኑን ወደ ቦዩ ግድግዳ ስለሚያዞር ጥቃቅኑን ሞገድ በተሻለ ይከተላል፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ ዝቅተኛው መነሻ ሊሆን ይገባል። ማይክሮላይን ወይም ሺባታ የሚባሉት ቀጭን ጫፎች የገጹን መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር ያቀራርቡታል፤ አንዳንዴም አሮጌ መርፌ ያልነካውን የቦይ ክፍል ስለሚያነቡ የተበላ የሚመስል ሸክላ ነፍስ ይዘራል። አቀማመጣቸው ግን በትንሹ ከተዛባ ጥቅማቸው ይጠፋል።

መርፌውን የሚይዘውን ካርትሪጅ ለማስተካከል ከሚያገለግሉት ስሌቶች ቤርዋልድ የሚባለው ከመሃል 66 እና 120.9 ሚሊሜትር ላይ የመርፌውን የማዕዘን ስህተት ዜሮ ያደርጋል፤ ስቲቨንሰን ደግሞ 60.3 እና 117.4 ላይ። ሁለተኛው ትክክለኛነቱን ወደ ገጹ መጨረሻ ስለሚያመጣ መደርደሪያው ረጃጅም ገጾች ለበዙበት አድማጭ እሱን እንመርጣለን። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት አምራቹ ከሰጠው ወሰን የላይኛው ግማሽ ላይ ያድርጉት፤ ለምሳሌ ወሰኑ ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ከሆነ 2.0 ወይም 2.1። ሸክላን ለማዳን ብሎ ማቅለል ተቃራኒውን ያመጣል፦ መርፌው ከቦዩ ግድግዳ እየለቀቀ ተመልሶ ሲመታ ያቆስለዋል። ለሞኖ ሸክላ አምፕሊፋየሩ ላይ የሞኖ ማብሪያ ካለ ይጫኑት፤ የንጣጣቱ ትልቅ ክፍል ወዲያው ይወርዳል።

ሲገዙና ከገዙ በኋላ

በአካል ሲገዙ ሸክላውን በአንድ ጠንካራ መብራት ሥር በጎን ያዘንብሉት፤ በጣት ጥፍር የሚሰማ ጭረት መርፌውን ያዘልላል፣ የማይሰማው ብዙ ጊዜ ድምፁን አይጎዳም። ማጫወቻ ካለ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከእያንዳንዱ ገጽ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ይስሙ። ከሩቅ ሲገዙ ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ የባዶውን ቀለበት ፎቶ፣ ደረጃውን የሰጠው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ፣ ገጹ ሲያልቅ ድምፁ ይሻክራል ወይ። ሁለት ህትመት ሲያነጻጽሩ የድምፁን መጠን ያስተካክሉ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ለእጥበት 800 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ፣ 200 ሚሊሊትር ንጹህ አይሶፕሮፒል አልኮልና ሽታና ቀለም የሌለው የሳሙና ፈሳሽ ሁለት ጠብታ ይበቃል። በለስላሳ ብሩሽ ቦዩን ተከትለው ያዙሩት፣ ሌብሉን አያርጥቡ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ብቻ ደግመው ያለቅልቁ፤ ማለቅለቁ ከተዘለለ የደረቀው ሳሙና ራሱ ጫጫታ ይሆናል። በ78 ዙር የሚጫወቱትን የድሮ ዲስኮች በዚህ አይጠቡ፤ አልኮሉ ያሟሟቸዋል። አሮጌውን የወረቀት የውስጥ ከረጢት በፀረ-ስታቲክ ፕላስቲክ ይለውጡት፤ ዋናውን ግን አይጣሉ፣ ከሽፋኑ ጋር ያቆዩት። ወፍራምና የሚሸት የፒቪሲ ሽፋን ከሸክላው ጋር ሲቆይ ግራጫ ጭጋግ ስለሚተው ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢትሊን ይጠቀሙ። ሸክላዎቹ መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ማዘንበል ያጎብጣል።

አዲስ ሸክላ የታሸገ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው አይባልም፤ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ሁሉንም ገጽ እስከ መጨረሻው ያጫውቱት።